ቁጠባን በብር ሳይሆን በወር መቁጠር፦ በአርባዎቹ ዕድሜ ሙያ ለሚቀይር ሰው የገንዘብ አመዳደብ

አሥራ አምስት ዓመት ቢሮ ሠርቶ ሙያ ሊቀይር የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ «የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?» ወይም «ማሽኑ ስንት ገባ?» ብሎ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ተራቸው ገና ነው። ያጠራቀማችሁት ብር ከሁሉ በፊት የሚገዛላችሁ ጊዜ ነው፤ ደመወዝ ከቆመበት ቀን አንሥቶ አዲሱ ሥራ ቤት ማስተዳደር እስኪጀምር ያለውን ጊዜ። ብዙ ሰው ችሎታ ሳያንሰው የሚመለሰው፣ ሥራው ሊይዝለት ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው የአስቤዛው ብር ስለሚያልቅበት ነው።

የወር ወጪያችሁን ከዓመት አውጡት

ደብተር ያዙና ያለፉትን 12 ወራት ወጪ ጻፉ። አንዱን ወር በ12 ማባዛት ያሳስታል፤ መስከረም ከኅዳር ጋር አይገጥምም። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ተደራርበው ይመጣሉ። ፋሲካና ገና፣ ወይም ረመዳንና ዒዶቹ፣ የየራሳቸው ወጪ አላቸው። ጤፍ በኩንታል የሚገዛ ቤት ደግሞ የገዛበት ወር ከሌላው ይከብዳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተራው የወር ወጪ 30,000 ብር ነው፤ በዓመት 360,000። የልጆች ክፍያ በየሩብ ዓመቱ 15,000 ሲሆን በዓመት 60,000 ይሆናል። በዓላት፣ ለቅሶና ሠርግ፣ ለወላጆች የሚላከው ተደምሮ 36,000። ጠቅላላው 456,000 ብር፤ ለ12 ሲካፈል በወር 38,000 ይመጣል። በ30,000 ያሰበ ሰው በየወሩ 8,000 ብር ይጎድልበታል፤ ጉድለቱን የሚያየው ግን መስከረም ሲደርስ ነው።

ቤተሰቡ ባንክ ውስጥ 720,000 ብር ቢኖረው በ38,000 ሲካፈል ወደ 19 ወር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ያጽናናል፤ ገና ግን አልተጣራም።

መጀመሪያ የሦስት ወር ወጪ፣ 114,000 ብር፣ ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ይነሣ። የመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ሽፋን በለቀቃችሁ ቀን ስለሚቆም ይህ ገንዘብ አይነካም። ወረዳችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ምዝገባ የሚያካሂድበትን ጊዜ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካለፈ እስከሚቀጥለው ዙር መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ ዕቁብ። ዕቁቡን የበላችሁ ከሆነ ቀሪው ዙር በሙሉ ዕዳ ነው፤ በ5,000 ስምንት ዙር ከቀረ 40,000 ብር ቀንሱ። ያልወጣላችሁ ከሆነ ደግሞ እስኪወጣ እንደ ቁጠባ አትቁጠሩት። ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባችሁ የምታስቀምጡት ብርም ከዚህ ሒሳብ ውጭ ይሁን። በምሳሌያችን 566,000 ብር ቀረ።

አሁን ወሩን ቁጠሩ። ስድስት ወር ለመማርና ለመለማመድ፣ ስድስት ወር ደንበኛ ወይም ቅጥር እስኪገኝ። 12 በ38,000 ሲባዛ 456,000 ብር ነው። የተረፈው 110,000 ብር ለሥልጠና፣ ለዕቃና ለፈቃድ ያላችሁ ጣሪያ ነው። የትዳር ጓደኛ በወር 15,000 የምታስገባ ከሆነ ከቁጠባ የሚነሣው 23,000 ይሆንና ለዓመት 276,000 ይበቃል፤ ጣሪያው ወደ 290,000 ያድጋል። የተማሩት ትምህርት ሆነ የገዙት ማሽን ከዚህ ጣሪያ ካለፈ፣ ያለፈበት ብር የልጆች ክፍያ ነው።

የዋጋ ንረትንም አትርሱ። የባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፤ ገበያው በብዙዎቹ ያለፉት ዓመታት ከዚያ ፈጥኖ ሄዷል። ስለዚህ ሁለተኛውን ስድስት ወር በዛሬ ዋጋ አታስሉት፤ ቢያንስ 15 በመቶ ጨምሩበት። በምሳሌው 34,200 ብር ነው፤ ከ110,000ው ላይ ይቀነሳል። ተከራይ ከሆናችሁ ትልቁን ወጪ አስቀድማችሁ አጽኑት፦ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፤ አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ውላችሁ መመዝገቡን ሥራ ላይ እያላችሁ አረጋግጡ።

መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት

በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ የሚገዛችሁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ የመንግሥት ሠራተኛም የራሱ ሕግ አለው። በአዋጁ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ሳይሰጡ መውጣት እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል፤ ተናድዶ ወጥቶ የአንድ ወር አስቤዛ መጣል ማለት ነው።

አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ፣ ድርጅቱ አሠልጥኖት የአገልግሎት ግዴታ ያልገባ ከሆነ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 24,000 ብር እየተከፈለው 11 ዓመት የሠራ ሰው 24,000 እና 10 ጊዜ 8,000፣ በድምሩ ወደ 104,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በብር ይከፈላል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ይሁን እንጂ ክርክር ስለሚነሣበት እጃችሁ ሳይገባ ከጣሪያው ጋር አትደምሩት።

የጡረታ ነገር ብዙ ሰው የሚዘልለው ነው። አሠሪው 11 በመቶ፣ እናንተ 7 በመቶ ስትከፍሉ ቆይታችኋል። አሥር ዓመት ያልሞላ አገልግሎት የዕድሜ ልክ አበል አያስገኝም፤ መዋጮው ይመለሳል እንጂ። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ላይ ካላችሁ ስድስት ወር መታገሥ ምን እንደሚያስገኝላችሁ ሳትለቁ ጠይቁ። የግሉና የመንግሥቱ አገልግሎት ስለሚደመር የድሮውንም ማስረጃ ፈልጉ። መዋጮው በትክክል ገቢ መደረጉንም ጠይቁ፤ ከደመወዝ ተቆርጦ ያልገባ ብር አሁን ቢታወቅ ይሻላል።

ባንክ ወይም ሌላ ድርጅት በሠራተኛ ወለድ ያበደራችሁ ከሆነ ስትለቁ ወለዱ ወደ ገበያ ዋጋ ሊቀየር ይችላል፤ አዲሱን ወርሃዊ ክፍያ በጽሑፍ አስወጡና ወደ ደብተሩ መልሱት። ለሥራ ባልደረባ ዋስ ሆናችሁ ከሆነም ክሊራንስ ላይ ስለሚያዝባችሁ ቀድማችሁ ሌላ ዋስ አስተኩ። ከትዳር ጓደኛ ጋር መነጋገርም ወግ ብቻ አይደለም፤ በቤተሰብ ሕጉ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

በዓመት ፈቃድ ሞክሩት

የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። 11 ዓመት የሠራ ሰው 21 ቀን አለው፤ ወደ አንድ ወር ገደማ ደመወዝ እየተከፈለው አዲሱን ሥራ መሥራት ይችላል። ከዚህ የረከሰ ሙከራ የለም።

ዳቦ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው፣ ለምሳሌ፣ ፈቃዱን በሚሠራ ዳቦ ቤት ውስጥ በነጻ ያገልግል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገብቶ እስከ ረፋድ መቆም ለ45 ዓመት ወገብና ጉልበት ምን እንደሆነ በሦስተኛው ቀን ይታወቃል። ሒሳቡም እዚያው ይታያል፦ 50 ኪሎ ዱቄት ከ30 ሊትር ውሃ ጋር 80 ኪሎ ሊጥ ይሰጣል፤ በ100 ግራም ሲቆረጥ በወረቀት 800 ዳቦ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀረውን፣ የሚያርረውን፣ ሳይሸጥ የሚያድረውን በየቀኑ ቁጠሩ። ትርፉ የሚሄደው እዚያ ነው፤ የምግብ ቤት ሒሳብ በሙሉ በዚያ ቁጥር ይቆማል ወይም ይወድቃል።

ወደ ቅጥር ሥራ ለሚሄድ ሙከራው ሌላ ነው። አራት ኪሎ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎች፣ ጋዜጣውንና የቴሌግራም ቻናሎቹን አይታችሁ በምትፈልጉት ሙያ 30 ማስታወቂያ ሰብስቡ። በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚጠይቀው ወረቀት፣ የልምድ ዓመት፣ የዕድሜ ገደብ። «ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ» የሚል ከግማሽ በላይ ከሆነ፣ ዲግሪ ጨምሮ ያንን በር ማንኳኳት አያዋጣም፤ በዚያው ሙያ በግል የሚሠራበትን መንገድ ፈልጉ። ዜሮ ዓመት ልምድ የሚቀበለው ስንት እንደሆነም ቁጠሩ፤ በአዲሱ ሙያ እናንተም ዜሮ ዓመት ናችሁ።

ለትምህርት መክፈል

ወረቀቱ በሕግ የሚጠየቅበት ሙያ ከሆነ፣ እንደ ነርስነት፣ ፋርማሲ፣ ጥብቅና፣ ትምህርቱ አይቀሬ ነው። በሌላው ሁሉ መጀመሪያ በነጻ የሚገኘውን ጨርሱ። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ስለ ፕሮግራሚንግና ዳታ መሠረቱን ይሰጣል፤ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ጸጥ ያለ መቀመጫ አለው። ነጻውን ኮርስ ያልጨረሰ ሰው የተከፈለበትን ይጨርሳል ብሎ መገመት አደገኛ ነው።

የግል ኮሌጅ ስትመርጡ «ዕውቅና አለው» የሚል ባነር አይበቃም። ዕውቅና የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየቅርንጫፉ ነው፤ ሜክሲኮ ያለው ግቢ ለአካውንቲንግ ያገኘው ፈቃድ ለሌላ ሰፈር ቅርንጫፍ ወይም ለሌላ ትምህርት አይሠራም። የፕሮግራሙን ስምና ግቢውን ይዛችሁ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ ከኮሌጁ ስንቱ እንዳለፈ መጠየቅም መብታችሁ ነው። በቴክኒክና ሙያ ደግሞ ወረቀቱን የሚያስከብረው የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲው፣ ነው፤ ሥልጠናው ለየትኛው ደረጃ እንደሚያዘጋጅ በጽሑፍ ተቀበሉ። የዓመቱን በአንዴ ከፍላችሁ ቅናሽ ከማግኘት በተርም መክፈል ይሻላል፤ በሁለተኛው ወር ልባችሁ ቢመለስ የሚጠፋው ትንሽ ነው።

ዕቃና ቤት መጨረሻ ላይ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማሽን ዋጋ ሲዘል ሁሉም አይቷል፤ «ሳይጨምር ልግዛ» የሚል ጭንቀት የመጣው ከዚያ ነው። ጭንቀቱ ይገባል። ቀድማችሁ የምትገዙት ግን ሦስት ነገር ከተሟላ ብቻ ይሁን፦ ሙከራውን አልፋችኋል፣ የሚቀመጥበት ቤት አለ፣ ማሽኑ ነገ መርካቶ ቢሸጥ ገዢ ያለው የተለመደ ዓይነት ነው።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር በቅርብ እንይ። 9 ኪሎ ዋት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ በነጠላ ፌዝ፣ በ220 ቮልት፣ ወደ 41 አምፔር ይስባል። ብዙ የድሮ ሱቆች የተሠሩት ለአምፖልና ለፍሪጅ ነው። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ቆጣሪው ፊት ቁሙ፤ ከምሰሶ የሚገባው ሽቦ ሁለት ከሆነ ነጠላ፣ አራት ከሆነ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ነጠላ ከሆነ ለማሳደግ የባለቤቱ ፈቃድ፣ ማመልከቻና መጠበቅ ይከተላል፤ ኪራዩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል። የሦስት ወር ኪራይ ያለ ሥራ የሚበላው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የንግድ ቤት በ1320 አዋጅ ስለማይሸፈን የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ፣ አንዳንዴም የቁልፍ የሚባል ተጨማሪ ክፍያ፣ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ቦታው በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት የሚነካ መሆን አለመሆኑን ከወረዳው። ሁለተኛ፣ አከራዩ ራሱ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑን፤ የቀበሌ ቤትን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ስለተከለከለ በእንዲህ ያለ ቤት ያፈሰሳችሁት ዕድሳት የሚያስመልስ ውል የለውም። ውሉ በውልና ማስረጃ የጸደቀ ይሁን፤ ለንግድ ፈቃዱም ሊጠየቅ ይችላል።

የመመለሻ መስመር

ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ፦ ከድንገተኛው ሌላ የአምስት ወር ወጪ፣ በምሳሌያችን 190,000 ብር። ሒሳቡ እዚያ ሲደርስ አዲሱ ሥራ ቤቱን ካልያዘ፣ በዚያው ሳምንት በድሮው ሙያ ማመልከት ይጀመራል። ብሩ ሲያልቅ መጀመር ይዘገያል፤ ቅጥር ራሱ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ቁጥሩን የትዳር ጓደኛ ወይም ደፍሮ የሚናገራችሁ ወንድም ይወቀው።

ለዚያ ቀን ሲባል ከድሮው መሥሪያ ቤት ስትወጡ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ መልቀቂያና ክሊራንስ ይዛችሁ ውጡ። ልምዱ የሥራ መደቡን፣ የተሠራበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ይሁን። ሦስት ዋና ቅጂ ጠይቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ማውጣት፣ የሚያውቃችሁ የሰው ኃይል ኃላፊ ከለቀቀ፣ ብዙ ያመላልሳል።