በሁለት በረራ መካከል የተረፈ ቀን፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር ቁልቁል

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ወደብ ግን ነበራት፤ ለገሃር። ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ መንገደኛ 784 ኪሎ ሜትር በባቡር ተንገጫግጮ የሚደርስባት ደጃፍ እሷ ነበረች። ዛሬ ወደቧ ቦሌ ነው። ጠዋት ከባሕር ዳር ወይም ከጅማ ገብቶ ማታ ወደ ውጭ የሚበር፣ ወይም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲያልፍ አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት የሚተርፈው ሰው፣ መርከቧ እስክትነሳ ድረስ ከተማ ዞር ዞር እንደሚል መንገደኛ ነው። ቀኑ የእሱ ነው፤ ማታው ግን አይደለም።

እንዲህ ያሉ ዘመዶችን ደጋግሜ ይዤ ዞሬያለሁ። መጀመሪያ ላይ መርካቶ ወስጃቸው፣ ከዚያ እንጦጦ አውጥቻቸው፣ ተመልሼ ለምሳ ቦሌ። ከቀኑ ግማሹ ታክሲ ውስጥ አለቀ። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ከተማዋ ቁልቁለት መሆኗ ነው። ሰሜኑ ከፍ፣ ደቡቡ ዝቅ ይላል። እንግዳዬን በመኪና ላይ አድርሼ በእግር ማውረድ ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ሰው ደክሞኛል ብሎኝ አያውቅም። ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ፣ ሰዓቱን ከመጨረሻው ቁጠሩ

ትኬቱን አውጡና የተጻፈውን ሰዓት ወደኛ አቆጣጠር ቀይሩ። 22:00 ካለ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የአክስቴ ልጅ 10:40 የሚለውን ከቀኑ 10:40 ነው ብሎ ሳይቸኩል ቁርሱን ሲበላ፣ አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 4:40 ላይ ሄዷል። አጠገቡ ሆኜ ትኬቱን ያላየሁት እኔ ነኝና ጥፋቱን ተካፍለናል።

ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው። ስለዚህ በረራው ከምሽቱ 4 ከሆነ፣ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ መሆን አለባችሁ። ግን ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚጎርፍ መንገዱ ይዘጋል። ጉብኝቱን 11 ሰዓት ላይ የሚያልቅ አድርጋችሁ አስቡት።

ሻንጣችሁ በቀጥታ ወደ መጨረሻው መዳረሻ ካልተላከ ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል አስቀምጡት። ሻንጣ ይዞ ሚኒባስ ታክሲ ላይ መውጣት ከረዳቱ ጋር መጣላት ነው። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ ከኤርፖርት ለመውጣት ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) እንደሚያስፈልጋችሁ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። በእጃችሁ መያዝ ያለባችሁ መታወቂያ፣ ዝርዝር ብር፣ ነጠላና በክረምት ጃንጥላ ነው። መታወቂያው ሁለት ጥቅም አለው፤ በር ላይ ይጠየቃል፣ የመግቢያ ዋጋም ለዜጋና ለውጭ ሰው አንድ አይደለም።

ስድስት ኪሎ፦ ከላይ ጀምሩ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ ድረሱ። አደባባዩ መካከል የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት ነው። ታክሲ ጥበቃ አጠገቡ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው፤ ዙሪያውን የተቀረጸውን የሚያየው ጥቂት ነው። አምስት ደቂቃ ስጡት። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቡ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚህ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ለድሆች ምጽዋት በሚሰጥበት ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ የከተማው ሰው ተጨፈጨፈ።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ከፊት ለፊቱ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ታያላችሁ። ጣሊያኖች ለፋሺስት አገዛዝ ዓመታት አንዳንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። ሳያፈርሱ መልስ መስጠት እንዲህ ነው።

እኔ በዚህች ከተማ አንድ ሙዚየም ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ዕቃዎቹ በብሔር ወይም በክልል አልተደረደሩም፤ በሰው ዕድሜ ነው፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። የአፋሩና የኮንሶው፣ የአማራውና የሐመሩ ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የንጉሡ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም እንደነበረ አለ፤ ዘመዶቼ ሁሉ ከሥዕሉና ከመስቀሉ ይልቅ እዚያ ይቆማሉ፤ የንጉሥ መታጠቢያ ማየት ያጓጓል መሰለኝ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩ ሹማምንት የተገደሉትም በዚሁ ቤት ነው። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።

አምስት ኪሎና አራት ኪሎ

ከዚህ በእግር ቁልቁል ነው። አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ጊዜ ካጠራችሁ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳችሁ ድንቅነሽን (ሉሲን) እዩ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ናት። ሕዝብ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ቅጂውን ነው፤ ዋናው አጥንት በካዝና ተጠብቆ ይቀመጣል፤ አውቃችሁ ብትገቡ አይከፋችሁም። አብሯት ያለችውን የዲኪካዋን ሕፃን፣ ሰላምን፣ አትለፏት። በ1993 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራ ቡድን ያገኛት ናት። ብዙ ሰው «የሉሲ ልጅ» ይላታል፤ ነገር ግን በ100 ሺህ ዓመት ገደማ የምትበልጠው ሰላም ናት። እናትየው ልጅ፣ ልጅየዋ ቀዳሚ! ላይ ያሉት ፎቆች ጊዜ ካላችሁ ብቻ።

አራት ኪሎ ስትደርሱ የምታዩት የድል ሐውልት የሚያዝያ 27 ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ተመልሰው የገቡትም በአምስተኛው ዓመት በዚያችው ቀን ነው። በዚህ አካባቢ ቤተ መንግሥትና ፓርላማ ስላለ ስልካችሁን አውጥታችሁ አጥርና ወታደር አታንሱ። ፎቶው ይቅርባችሁ፤ ማብራራቱ ከጉብኝቱ ሰዓት ይበላል።

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጥቂት እርምጃ ብቻ ይቀራታል። ነጠላ የያዝነው ለዚህ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አፅም በ1993 ዓ.ም. ያረፈው እዚህ፣ ከእቴጌ መነን ጎን ነው። ቅጥር ግቢው ውስጥ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው እንግሊዛዊት የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብርም አለ። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ለመጎብኘት ጠዋቱ ይሻላል፤ ሰው ሲቀድስ መሃል ገብቶ መዞር ነውር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ምርጫ አለ። አንድነት ፓርክም በዚሁ አካባቢ፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። መልካም ነው፤ ግን ግማሽ ቀን ይውጣል። ልጆች ከያዛችሁ እሱን ውሰዱና ብሔራዊ ሙዚየሙን ተዉት። ሁለቱንም እናያለን የሚል ሰው ፒያሳን አያያትም።

ምሳ አራት ኪሎ ብሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ በየአይነቱ እዘዙና በላዩ ላይ ስፕሪስ ጠጡ፤ አቮካዶና ማንጎ ተደርቦ ሲመጣ ምሳውን ራሱ ሊተካ ምንም አይቀረው።

ፒያሳ

ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ መውረድ፣ ከዚያ ፒያሳን መውጣት ነው። የቀኑ ብቸኛ ዳገት ይህ ነው፤ ከምሳ በኋላ ከበዳችሁ «ፒያሳ ፒያሳ!» የሚለውን ታክሲ ያዙ። ዝርዝር ብሩ አሁን ይሠራል። ስትደርሱ «ወራጅ አለ» ማለት አትርሱ፤ ዝም ካላችሁ ረዳቱም ዝም ነው።

ፒያሳን በልጅነቱ የሚያውቃት ሰው ዛሬ ሊደናገር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። የድሮውን ፈልጋችሁ ከመጣችሁ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ የተረፉትን ሰገነቶች ፈልጉ፤ ቶሞካ ገብታችሁም ቡናችሁን ቆማችሁ ጠጡ።

ከዚያ የዓድዋ ድል መታሰቢያ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ሰፊ ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ይበላል። ከእሱ ስትወጡ የምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ጣሊያን አውርዶት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጀርባው ላይ ያለው ስምንት ማዕዘኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት ነው። ሙዚየሙን፣ ፈረሰኛውንና ቤተ ክርስቲያኑን በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፤ አንዱ ሌላውን ያብራራል። ተገላቢጦሽ ያስጎበኘኋቸው እንግዶቼ ቤተ ክርስቲያኑን አይተው «ለምን ጊዮርጊስ?» ሲሉኝ ሙዚየሙ እስኪደርስ መልስ ስፈልግ ነበር።

መርካቶ ከዚህ ቅርብ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። አትሂዱ። መርካቶ የራሷ ቀን ትፈልጋለች፤ ፓስፖርት በኪስ ይዞ የሚገባባት ሰፈርም አይደለችም።

ቸርችል ቁልቁል

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቁሙና ወደ ታች እዩ። መንገዱ ቀጥ ብሎ እስከ ለገሃር ይወርዳል። በመካከሉ የትግላችን ሐውልት፣ ጥቁር አንበሳ፣ ፖስታ ቤት፣ ብሔራዊ ቴአትር አሉ። ስጦታ የምትገዙ ከሆነ በዚህ መንገድ ላይ ሱቅ ሞልቷል፤ መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ አትቀበሉ።

መጨረሻው ላይ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ቆሟል። እሱም ተጉዟል፤ ጣሊያን ሮም ወስዶት ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ስንቱ መንገደኛ ከተማዋን ማየት የጀመረው ከዚህ ነው። እናንተ ጨረሳችሁባት።

ሰዓታችሁን እዩ። 11 ካለፈ መስቀል አደባባይ ላይ ፎቶ የሚባለውን ተዉትና መኪና ጥሩ። በሚኒባስ የምትሄዱ ከሆነ «ቦሌ» የሚለው ታክሲ ቦሌ ድልድይ ላይ ነው የሚያወርዳችሁ፤ ከዚያ እስከ ተርሚናሉ ሻንጣ ይዞ በእግር ረጅም ነው። ራይድ ከጠራችሁ ደግሞ ለሾፌሩ የአገር ውስጥ በረራ ይሁን ዓለም አቀፍ ገና ስትሳፈሩ ንገሩት፤ በሩ ይለያያል።