የዝንቧ ዓይን ለምን ዥንጉርጉር ሆነ?

መስኮት ሥር ሞታ ያገኘኋት አረንጓዴ ዝንብ ሁለት ሳምንት አስለፋችኝ። በ10 እጥፍ የማይክሮስኮፕ ሌንስ 50 ፎቶ አንስቼ በዜሪን ስታከር (ከየፎቶው ጥርት ያለውን ክፍል ወስዶ አንድ ምስል በሚሠራ ሶፍትዌር) ሳዋህዳቸው ዓይኗ ላይ አንድ ጥርት ያለ መስመር፣ አንድ ድብዝዝ ያለ እየተፈራረቀ ወጣ። የሜዳ አህያ መሰለች። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሶፍትዌሩን ነው፤ ያልነካካሁት ሴቲንግ የለም።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ካሜራውን በየፎቶው 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ነበር የማስጠጋው። የሌንሱ አፐርቸር (ኤንኤ የሚሉት፣ ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ መለኪያ) 0.25 ነው፤ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት፣ 0.55 ማይክሮንን፣ ለ0.25 ስኩዌር ስታካፍሉት 9 ማይክሮን ገደማ ይመጣል። በአንድ ፎቶ ጥርት ብላ የምትወጣው ያችው 9 ማይክሮን ውፍረት ብቻ ናት። ስለዚህ በየመሃሉ 11 ማይክሮን እየዘለልኩ ነበር ማለት ነው። ርምጃውን 6 ማይክሮን አደረግኩት፤ በፊት በ50 ፎቶ ለሸፈንኳት ለዚያችው 1 ሚሊሜትር 170 ፎቶ ገደማ ሆነ። መስመሩ ጠፋ።

ደስታዬ ሳያልቅ ፀጉሮቿ ድርብ ሆነው መጡ! ለካ የፍሪጁ ሞተር በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ኤልኢዲውን ትቼ ክፍሉን አጨልሜ በፍላሽ፣ በ1/32 ኃይል አነሳሁ፤ ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ ንዝረቱ አይታይም። ገላዋ እንዳያብረቀርቅ ደግሞ ቂጡን የቆረጥኩት የእርጎ ኩባያ ደፋሁባት። ከዜሪን ስታከር ሁለት የማዋሃጃ ዘዴዎች፣ ለተደራረበ ፀጉር ከዲማፕ ይልቅ ፒማክስ ይሻላል፣ ምንም እንኳ ምስሉን ትንሽ ቢያሻክረው። አሁን የዓይኗን ባለስድስት ጎን ሌንሶች አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል።