የምልክት ስህተት የገባበትን መስመር በ3 ማግኘት

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ይህቺን ያዙ። አልጀብራ ስታቃልሉ መልሱ እምቢ ካለ ሁሉን አትሰርዙ። በኤክስ ቦታ 3 ተክታችሁ እያንዳንዱን መስመር አስሉ።

ለምሳሌ 3(ኤክስ − 4) − 2(ኤክስ − 5) ላይ 3 ሲተካ 1 ይመጣል። መጨረሻ ላይ ኤክስ − 22 ከጻፋችሁ ግን −19 ይሆናል። ቁጥሩ መጀመሪያ ከ1 የተለየበት መስመር ላይ ነው ስህተቱ። እዚህ −2 በ−5 ሲባዛ +10 መሆኑ ተረስቷል። ይህቺ ምልክት ስንቱን ጎበዝ ነጥብ አስጥላለች! ትክክለኛው ኤክስ − 2 ነው።

ዘዴው የሚሠራው፣ ትክክለኛ እርምጃ መልኩን እንጂ ዋጋውን ስለማይቀይር ነው። 0 እና 1ን ግን ተዉ፤ በ1 ጊዜ ኤክስና የኤክስ ካሬ እኩል ስለሚሆኑ ስህተት ይደበቃል። እኩልታ ስትፈቱ ደግሞ የምትተኩት ያገኛችሁትን መልስ ነው፣ ያውም በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ።