ርካሽ ብስክሌት ከመግዛትዎ በፊት ብየዳውን ይመርምሩ

ርካሽ ብስክሌት ሲገዙ ከማርሹ ብዛት ይልቅ በቅድሚያ ፍሬሙን ይመርምሩ፤ ካቴናና ፍሬን ቢበላሹ ይተካሉ፣ የተሰነጠቀ ፍሬም ግን ነጂውን ይዞ ይወድቃል። የመሪው አጭር ቱቦ ከታችኛው ረጅም ቱቦ ጋር የተበየደበትን ቦታ በጣትዎ ዳብሰው፣ የስልክዎንም መብራት አስጠግተው ይዩት፤ እዚያ ላይ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ አይግዙት። ማግኔትም ይያዙ፤ እኔ ያለ እርሱ ብስክሌት ልገዛ አልወጣም። ማግኔት የሚይዘው የብረት ፍሬም ከገዙት በኋላ ቢሰነጠቅ ጥሩ በያጅ ሊጠግነው ይችላል፣ አልሙኒየም ግን ከተበየደ በኋላ ጥንካሬው ስለሚቀንስ አያስተማምንም። በመጨረሻ የፊቱን ፍሬን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ ከመሪው ሥር ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል፣ ይህም በአነስተኛ ወጪ ይስተካከላል።