ፍሬዛል ቨርብ ስታጠኑ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ፍሬዛል ቨርብ ማለት እንደ «ፊል አውት» ግስ ከአጭር ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ትርጉም የሚሰጥበት የእንግሊዝኛ አባባል ነው። የመጀመሪያው ስህተት በዝርዝር መሸምደድ ነው። «ጌት»ን ይዞ ጌት ባይ፣ ጌት አሎንግ፣ ጌት አዌይ እያለ አንድ ገጽ ሙሉ በአንድ ምሽት የሚወጣ ሰው ሞልቷል። በማግስቱ ሁሉም ይደበላለቅበታል። ይልቅ ከሥራችሁ ተነሱ። በሺፍት የምትሠሩ ከሆነ ስትገቡ «ክሎክ ኢን»፣ ስትወጡ «ክሎክ አውት»፣ አሟችሁ ስትቀሩ «ኮል ኢን ሲክ»። እነዚህን ሳምንቱን ሙሉ ስለምትሰሟቸው አይጠፉባችሁም።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሰምቶ መልስ መስጠት። «ፊል አውት» ፎርም መሙላት ነው። ባልደረባችሁ «ካን ዩ ፊል ኢን ፎር ሚ ቱሞሮው?» ካለ ግን የሚሞላ ወረቀት የለም። ነገ በእሱ ቦታ እንድትሠሩለት እየለመናችሁ ነው። ሳይገባችሁ «የስ» ካላችሁ የዕረፍት ቀናችሁ ሄደች። «ኮል ኦፍ» እና «ፑት ኦፍ»ም እንደዚሁ ናቸው። አንደኛው ስብሰባውን ይሰርዘዋል፣ ሌላኛው ወደ ሌላ ቀን ይገፋዋል።

«ኢት»ን የት እናስቀምጣት? ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። «ፊል አውት ዘ ፎርም»ም «ፊል ዘ ፎርም አውት»ም ያስኬዳል። «ኢት» ስትመጣ ግን መሃል ትገባለች፦ «ፊል ኢት አውት»። «ፊል አውት ኢት» አይባልም። «ሉክ ኢንቱ» (ጉዳይ ማጣራት) ደግሞ ጭራሽ ለሁለት አይከፈልም፤ «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» ነው የሚባለው። የትኛው ይከፈላል እያላችሁ ሕግ ፍለጋ አትድከሙ። አዲስ ስትማሩ ከነ«ኢት»ዋ ጻፉት፣ በቃ።

አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ «ፎሎው አፕ አድርገው» የማይል የለም። ይቺ አማርኛ ሆናለች ማለት ይቻላል። ችግሩ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሳት «አይ ዊል ፎሎው አፕ ኢት» እንላለን። ጉዳዩን ከሆነ «ፎሎው አፕ ኦን ኢት»፣ ሰውየውን ከሆነ «ፎሎው አፕ ዊዝ ሂም» ነው።

ስልክም አለላችሁ። በእኛ ስልክ ይዘጋል፣ ኮምፒውተር ይከፈታል። ስለዚህ አለቃ «ለምን አላነሳህም?» ሲል «ማይ ፎን ዋዝ ክሎዝድ» ይመጣል። «ተርንድ ኦፍ» በሉ። ኮምፒውተሩንም «ተርን ኦን» እንጂ «ኦፕን» አታድርጉት።

መደበኛ ደብዳቤ ላይ «ፑት ኦፍ»ን ትታችሁ «ፖስትፖን» ብትሉ ያምራል።

«ሌይ ኦፍ»ን ግን በደንብ ያዟት። «አይ ዋዝ ሌይድ ኦፍ» ካላችሁ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣችሁ ማለት ነው። «አይ ዋዝ ፋየርድ» ካላችሁ ጥፋት ተገኝቶባችሁ ተባረራችሁ ብሎ ነው ሰው የሚረዳው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ኪስ ይነካል። አንኢምፕሎይመንት የሚባለው ክፍያ በመሠረቱ ያለ ጥፋቱ ሥራ ላጣ ሰው ነው። ሠራተኛ ተቀንሶ የወጣ ሰው «ፋየርድ» ብሎ ፎርም ከሞላ፣ ክፍያው ከመፈቀዱ በፊት ምን አጥፍተህ ነው የሚል ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል።