ልጅዎ ፕሮቤሽን ላይ እያለ ካውንቲ ሲቀይሩ ኬዙን እንዴት ያዛውራሉ? (ካሊፎርኒያ)

ኪራይ ሲወደድ ከኦክላንድ ወደ ሳክራሜንቶ መሄድ ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ልጅዎ ፕሮቤሽን ላይ (በፍርድ ቤት ክትትል ሥር) ካለ ግን ኬዙ ኦክላንድ ያለችበት አላሜዳ ካውንቲ ቀርቶ እናንተ ብቻ እንዳትሄዱ፣ ዕቃ ከመጫንዎ በፊት እነዚህን ያድርጉ።

1. ለፕሮቤሽን ኦፊሰሩ በጽሑፍ ይንገሩ። ያለ ፈቃድ አድራሻ መቀየር ብዙውን ጊዜ ራሱ የፕሮቤሽን ጥሰት ነው።

2. ጠበቃው ዝውውሩን እንዲጠይቅ ያድርጉ። ጠበቃነቱ ለልጁ እንጂ ለወላጅ ስላልሆነ ልጁ ራሱ ያናግረው።

3. መኖሪያችሁን ያረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። ፍርድ ቤቱ በዋናነት የሚያየው ልጁን የማሳደግ ሕጋዊ መብት ያለው ሰው የት እንደሚኖር ነው። ልጁን አክስቱ ቤት አስቀምጦ «ኬዙ ይዛወርልን» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ወላጆች ከተለያዩ የካስተዲ ትእዛዙ (ልጁን ማን እንደሚያሳድግ ፍርድ ቤት የወሰነበት ወረቀት) ኮፒ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ «ልጁ እናቱ ጋ ይሁን» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ዳኛ ፊት ግን የሽማግሌ ቃል የፍርድ ቤት ወረቀትን አይተካም። የኪራይ ውል፣ የመብራት ቢልና የትምህርት ቤት ምዝገባም ይያዙ።

4. ችሎት ይቅረቡ። ዳኛው የሚመዝነው ዝውውሩ ለልጁ ይበጃል ወይ የሚለውን ነው። ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት፣ ስለ ካውንስሊንጉ፣ ከትምህርት በኋላ ማን እንደሚከታተለው ይናገሩ። አስተርጓሚ ቀድመው ይጠይቁ፤ አይከፈልበትም። እባካችሁ፣ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የራሱን ጥፋት ለእናቱ እንዲተረጉም ማድረግ ከባድ ሸክም ነው፤ እሷም እውነቱን በሙሉ ላትሰማ ትችላለች።

5. ከተፈቀደ ትእዛዙ ጄቪ-550 በተባለው ቅጽ ይወጣል። ተቀባዩ፣ ማለትም የአዲሱ ካውንቲ ፍርድ ቤት «አልቀበልም» ማለት አይችልም። መዝገቡ ሲደርሰው፣ ልጁ ቤቱ ካለ በ10፣ ታስሮ ካለ በ2 የችሎት ቀናት ውስጥ ቀጠሮ ይይዛል። እስከዚያ ሰዓት እላፊውም፣ ካሳ ክፍያውም፣ ሌላውም ግዴታ እንዳለ ይቀጥላል። አዲሱ ኦፊሰር እስኪደውል ከቀድሞው ጋር አይጠፋፉ።

የካሳ ክፍያ ደረሰኝና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት ማረጋገጫ ኮፒ እጅዎ ላይ ይኑር። ከካሊፎርኒያ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ ኔቫዳ የምትሄዱ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም። ያ በክልሎች መካከል ባለው ስምምነት የሚታይ ስለሆነ ኦፊሰሩን ቀድመው ይጠይቁ።