እየጠፋ የሚመለስ የኤሌክትሪክ ብልሽት፦ በአዲስ ፒክአፕ ላይ መነሻውን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከጅማ ወደ አጋሮ እየሄድኩ ነበር። ዝናቡ ከበረታ ብዙም ሳይቆይ የፒክአፔ ዳሽቦርድ በማስጠንቀቂያ መብራቶች ተሞላ፤ የሞተሩ፣ የፍሬኑ፣ የኤርባጉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። በማግስቱ ጋራዥ ሳደርሰው አንዱም አልበራም። መካኒኩ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሮ «ምንም የለውም» አለኝ። መኪናው ከተገዛ ገና ሰባት ወሩ ነው። ከዚያ በኋላ ባትሪው ተቀየረ፤ ዲናሞውም ተቀየረ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ብልሽቱም አብሮ ይመጣ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው እንደ እኔ ወራት እንዳይንገላታ ነው። የሚመላለስ ብልሽት ዕቃ በመቀያየር አይያዝም፤ መቼ እንደሚመጣ በማወቅና በመለካት እንጂ።

ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ደብተር ይያዙ። ብልሽቱ በታየ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ሞተሩ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ መሆኑን፣ ምን ምን በርቶ እንደነበረና መኪናው በቅርቡ ላቫጆ ገብቶ እንደሆነ ይጻፉ። መኪናውን ጥግ ይዘው አቁመው ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጹት፤ ጋራዥ ሲደርስ የሚጠፋ ብልሽት ሌላ ምስክር የለውም። ከአምስት ስድስት መዝገብ በኋላ መልኩ መታየት ይጀምራል። ጉድጓድ ሲረግጥ የሚመጣ ከሆነ የላላ ሶኬት ወይም ሽቦ ይጠርጥሩ። ማታ ደህና የነበረው ጠዋት አልነሳ ካለ፣ ሌሊቱን ባትሪውን የሚጠጣ ነገር አለ። በዝናብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ውኃ የገባበት ሶኬት፣ ወይ ዝቅ ብዬ የምነግርዎ ነገር።

የዋስትና ደብተሩንም ያንብቡ። ዋስትናው ሳያልቅ ማንም ሰው ሽቦ እንዲቆርጥ ወይም እንዲቀጥል አይፍቀዱ። መለካት ግን ዋስትና አያበላሽም። ጋራዥ በሄዱ ቁጥር ቅሬታዎ በጽሑፍ መስፈሩን ያረጋግጡና ቅጂውን ያስቀሩ።

የመኪናው ኮምፒውተሮች ብልሽት ሲያዩ የሚመዘግቧቸው የስህተት ኮዶች በስካነር፣ ማለትም በኮድ ማንበቢያ መሣሪያ፣ መነበብ ያለባቸው የባትሪው ገመድ ከመነቀሉ በፊት ነው። ባትሪው ሲነቀል ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። ባለሙያው «ላጥፋውና እንየው» ካለዎት፣ መጀመሪያ ኮዶቹንና ስህተቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን የቮልት መጠን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በ«ዩ» ፊደል የሚጀምሩ ኮዶች የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መነጋገር ማቋረጣቸውን ይናገራሉ። እንዲህ ያሉ ኮዶች ከተለያዩ ክፍሎች አንድ ላይ ከተከማቹ፣ ሁሉም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ተበላሹ ማለት ዘበት ነው። የሁሉንም የጋራ ምንጭ ይፈልጉ፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ የኃይል መውረድ ነው።

አሁን ቴስተር፣ ማለትም ቮልትና አምፒር የሚለካ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም። መኪናው ቆሞ ባደረበት ጠዋት፣ ሳይነሳ፣ ባትሪውን ይለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የዲናሞውን ኃይል በኮምፒውተር ስለሚቆጣጠሩ ለአፍታ ዝቅ ቢል አይደንግጡ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ማሳው ይሂዱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ማሳ የሚባሉት ከባትሪው ነጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄዱት ገመዶች ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለስባቸው መንገዶች። መመለሻው ሲጠብ ሁሉም ነገር ይታመማል። አለካኩ ቀላል ነው። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በራሱ በባትሪው ነጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ያሳርፉ። ረዳትዎ ሞተሩን ያስነሳ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ብዙም ማለፍ የለበትም። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ቦዲው ያዛውሩና የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያም ካለ እርሱን ጨምረው ያብሩ። እዚህ ከ0.1 በታች ይጠበቃል።

የእኔ 0.9 አሳየ።

ቁጥሩን ጋራዥ ወስጄ አሳየኋቸው፤ የቦዲውን ማሳ ብሎን ፊቴ ፈቱት። ከገመዱ ቀለበት ሥር ግማሹ የፋብሪካ ቀለም ነበር፤ ሳይፋቅ ነው የታሰረው። የቀረው ግማሽ ዝጎ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል፤ ዙሪያውን የደረቀ ቀይ ጭቃ ከቦታል። በዝናብ ብቻ የሚመጣበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ። በዝናብ ጊዜ መብራት፣ መጥረጊያና ማራገቢያ አብረው ይበራሉ፤ ያ ሁሉ ኃይል በዚያች ጠባብ ንክኪ መመለስ አለበት። ብረቱ እስኪያበራ ተፋቀ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ ከላይ ግሪስ ተቀባ።

ማሳው ጤነኛ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ባትሪው የሚሞት ከሆነ፣ ሌሊት የሚፈሰውን ኃይል ይለኩ። የነጋቲቩን ገመድ ይንቀሉና ቴስተሩን በ10 አምፒር መስመር ላይ አድርገው በገመዱና በምሰሶው መካከል ያገናኙት። በሮቹን ዘግተው፣ ቁልፉን አርቀው፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ የሚተኙት ቀስ ብለው ነው። ከ0.05 አምፒር በታች ከወረደ ጤና ነው። በዚህ መካከል ሞተሩን ለማስነሳት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ኃይሉ ካልወረደ በመጀመሪያ ከግዢ በኋላ የተጨመረውን ይመልከቱ፦ የጂፒኤስ መከታተያ፣ ቴፕ፣ ተጨማሪ ፓውዛ። በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ ካዩ እጅዎ መጀመሪያ እዚያ ይድረስ።

በእኛ አካባቢ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ቡና ወይም በቆሎ ከሚከማችበት መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና የአይጥ ማረፊያ ነው፤ ኮፈኑን ከፍተው ጥቁር ፍሬ የመሰለ ኩስና የተላጠ ሽቦ ይፈልጉ። ላቫጆ ውስጥ ደግሞ ሞተሩ ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ አያስረጩ፤ ከጭነት ሳጥኑ ሥር ወደ ኋላ መብራት የሚሄደውን ሶኬትም ከጭቃ ወራት በኋላ ያስፈትሹ። ቢጫ ሽፋን ያላቸውን የኤርባግ ሽቦዎች ግን በቴስተር አይንኩ፤ ኤርባጉ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ብልሽቱን ራስዎ ይጥሩት። እኔ ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ያለውን ሁሉ አብርቼ እንደገና ለካሁ፤ 0.04 ቮልት።